ቀብድ ከማስያዝዎ በፊት፦ ስለ ኮንዶሚኒየም ግዢ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከአረርቲና ከሌሎችም የሰሜን ሸዋ ከተሞች የሚደርሱን ጥያቄዎች ሰሞኑን በኮንዶሚኒየም ግዢ ላይ በርትተዋል። አንዳንዶቻችሁ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዶቻችሁ አዲስ አበባ ለመግዛት አስባችኋል። ተመሳሳዮቹን በአንድ አጣምረን መልሰናል። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ከዋጋ ይጀምራሉ፤ እኛ ከሰነድ እንጀምራለን። ዋጋው በዝቶበት የገዛ ሰው ቢያንስ ቤት አለው። ሰነዱን ሳያጣራ የከፈለ ግን ቤቱንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል።

«ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም አግኝቻለሁ። ሻጩ የካርታውን ፎቶ ኮፒ ሰጥቶኛል፣ ደላላውም ንጹሕ ነው ይለኛል። ሌላ ምን ያስፈልገኛል?» (ከደብረ ብርሃን)

ፎቶ ኮፒው የሚያሳየው ካርታው በተሰጠበት ቀን የነበረውን ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ለባንክ ብድር ዋስትና ተይዞ፣ በፍቺ ወይም በውርስ ክርክር ታግዶ፣ ወይም ለሌላ ሰው ተሽጦ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቀው የቤቱ ማኅደር ያለበት የከተማው አስተዳደር መሥሪያ ቤት ነው። የክፍሉ ስም ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ «የይዞታ ማኅደር የሚገኝበት» ብለው ይጠይቁ።

ሲሄዱ ሻጩን ይዘው ይሂዱ። ማኅደር የሚታየው በባለቤቱ ወይም በሕጋዊ ወኪሉ ጥያቄ ስለሆነ ብቻዎን ቢሄዱ ላያስተናግዱዎት ይችላሉ። ሻጩ ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ በራሱ ማመልከቻ ይጠይቅ። «ጊዜ የለኝም»፣ «ደላላው ይጨርሰዋል» እያለ ቀን የሚገፋ ሻጭ ከሆነ ሌላ ቤት ቢፈልጉ ይሻላል፤ ንጹሕ ሰነድ ያለው ሰው ለመሸጥ ከፈለገ ግማሽ ቀን አያጣም። ደብዳቤው የሚጠቅመውም ትኩስ ሲሆን ነው። ከሁለት ወር በፊት የወጣ ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት የገባ የፍርድ ቤት ዕገዳን አያሳይም። ስለዚህ ውል በምትፈራረሙበት ሳምንት እንዲወጣ አድርጉ።

ማኅደሩ ሲከፈት የሚያነጻጽሯቸው ነገሮች አሉ። የባለቤቱ ስም በመታወቂያው፣ በካርታውና በማኅደሩ ላይ ፊደል በፊደል አንድ ነው? በአያት ስም ወይም በአንዲት ፊደል የሚመጣ ልዩነት የስም ዝውውሩን ለሳምንታት ሊያስቆመው ይችላል፤ ካለ ሻጩ በራሱ ወጪ አስቀድሞ ያስተካክል። ቀጥሎ የብሎክ ቁጥር፣ የወለል ቁጥር፣ የቤት ቁጥርና የካሬ ሜትሩ ስፋት። እነዚህን በወረቀት ላይ ጽፈው ወደ ሕንፃው ይሂዱና በበሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ያመሳክሩ። ተመሳሳይ ብሎኮች በተደረደሩበት ሳይት የታየው ቤትና በሰነዱ ላይ ያለው ቤት የተለያዩ ሆነው የተገኙበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለምሳሌ ሦስተኛ ወለል አሳይተው የአራተኛውን ካርታ የሚያቀርቡ አሉ።

ቤቱ በመንግሥት የቤት ልማት ፕሮግራም በዕጣ የተገኘ ከሆነ የባንክ ብድር ሊቀርበት ይችላል። እንደ 20/80 (20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ፣ 80 በመቶ ብድር) ባለው ፕሮግራም ባለዕድለኛው ቅድሚያ ክፍያውን ከፍሎ ቀሪውን በብድር ስለሚወስድ፣ ብድሩ እስኪያልቅ ቤቱ የባንኩ ዋስትና ነው። «ትንሽ ነው የቀረው» የሚል የቃል መልስ አይበቃም። ባንኩ ቀሪውን ዕዳ በደብዳቤ ይግለጽ፤ ከዋጋው ላይም ያ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ብድር ሒሳቡ ይግባ። ለሻጩ ሰጥተው እሱ እንዲከፍል ከተውት፣ ሳይከፍል ቢቀር ዕዳው ከቤቱ ጋር ይከተልዎታል።

ከዚያ ትዳር። ሻጩ ያገባ ከሆነ ሁለቱም ተጋቢዎች ውሉ ላይ መፈረም አለባቸው፤ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ካርታው በአንደኛው ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይለውጠውም፣ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በመርሕ የጋራ ነውና። ያላገባ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ፣ የፈታ ከሆነ የፍቺ ውሳኔውንና የንብረት ክፍፍሉን፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን ያቅርብ። የወራሾች ቤት ሲሆን ሁሉም ወራሾች ይፈርማሉ። ከመካከላቸው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ሞግዚቱ ፍርድ ቤት ሳያስፈቅድ ሊሸጥለት አይችልም። ከወራሾች አንዱ ውጭ አገር ያለ ከሆነ የእሱን ድርሻ ሳይዙ አይግቡ፤ «እሱ ይስማማል» የተባለለት ወንድም ከዓመት በኋላ ክስ ይዞ ይመጣል።

«ሻጩ በሦስት ሽማግሌ ፊት ውል እንጻፍና 200,000 ብር ቀብድ ስጠኝ ብሎኛል። ቢቆይ ሌላ ሰው ይወስድብኛል ብዬ ሰጋሁ።» (ከመሐል ሜዳ)

ስጋትዎ ይገባናል፤ ገንዘቡን ግን በዚህ መንገድ አይስጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ይህን የሚሠራው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው፤ በክልላችን ከተሞች ደግሞ በተለምዶ የፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ። የሽማግሌ ፊርማ ያለበት ወረቀት ገንዘብ መስጠትዎን ያስረዳልዎት ይሆናል፤ ሻጩ ሐሳቡን ሲለውጥ ወይም ሲክድ ግን ቤቱን አያስረክብዎትም።

ቀብድን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ተዋዋዮቹ በሌላ መንገድ ካልተስማሙ በስተቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። 200,000 ብር የተቀበለ ሻጭ ቤቱን ለሌላ ቢሸጥ 400,000 ብር ይመልሳል ማለት ነው። ይህ መብት የሚጠቅምዎት ገንዘቡ ቀብድ መሆኑ በግልጽ ሲጻፍ ነው። ወረቀቱ ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ክርክር ይከተላል።

ሻጩ ቤቱን ለሌላ ገዢ ላለመስጠት ማሰሪያ የግድ ከፈለገ፣ ቀብዱን ከዋጋው ጥቂት ያድርጉት፣ በባንክ በሻጩ ስም ያስገቡት፣ ደረሰኙ ላይ ምክንያቱን ያስጽፉ፣ በወረቀቱም ላይ ዋናው ውል የሚፈረምበትን ቀንና ዕዳ ወይም ዕገዳ ከተገኘበት ቀብዱ ሙሉ በሙሉ የሚመለስ መሆኑን ያስፍሩ። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ከሌለች፣ ቤቱ ታግዶ ሲያገኙት «ውሉን የተዉት እርስዎ ነዎት» ተብሎ ቀብዱ ሊቀርብዎት ይችላል።

ዋናውን ክፍያ በሲፒኦ (ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ይዘው ቢቀርቡ መልካም ነው። ገንዘቡ በሻጩ ስም ተዘጋጅቶ በእጅዎ ይቆያል፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ያስረክቡታል። ከዋጋው የተወሰነውን፣ ለምሳሌ 10 በመቶውን፣ ስሙ ወደ እርስዎ እስኪዛወርና ቤቱ ተለቅቆ እስኪረከቡ እንዲቆይ በውሉ ላይ በቀን ማስፈርም ይቻላል። ተከራይ ያለበት ቤት ከሆነ ይህን በተለይ እንመክራለን።

«ሻጩ ታክስ ለመቀነስ ውሉ ላይ ዋጋው በግማሽ ይጻፍ ይላል። ጉዳት አለው?» (ከአረርቲ)

አለው፤ ጉዳቱም የእርስዎ ነው። ውሉ ነገ ቢፈርስ ይመለስልኝ ብለው የሚጠይቁት በውሉ ላይ የተጻፈውን ነው፤ ቀሪው ግማሽ ምስክር የለውም። የገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትም በራሱ ግምት ሊያሰላ ስለሚችል የታሰበው ቅናሽ ላይገኝ ይችላል። ከዚህም በላይ በመንግሥት አካል ፊት የሐሰት ቃል መስጠት ነው። የከፈሉትን ልክ ያስጽፉ።

«የሰነዱን ነገር ሰምቻለሁ። ቤቱን ራሱን ስመለከት ምን ልይ? ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ።» (ከደብረ ብርሃን)

ሁለት ጊዜ ይሂዱ፤ አንዱ በቀን፣ ሌላው ደግሞ ከዝናብ በኋላ ወይም ውኃ በሚጠፋበት ቀን። ሜትር፣ የእጅ ባትሪና እርሳስ ይያዙ።

ስፋቱን በራስዎ ይለኩ። ክፍሉን ከግድግዳ ውስጥ እስከ ግድግዳ ውስጥ ለክተው ያባዙ፤ 3.6 በ4.2 ሜትር የሆነ ሳሎን 15.12 ካሬ ሜትር ነው። ሁሉንም ደምረው በካርታው ላይ ካለው ጋር ያነጻጽሩ። ትንሽ ልዩነት ከግድግዳ ውፍረት ይመጣል። ልዩነቱ ከ5 ካሬ ሜትር በላይ ከሆነ ግን ካርታው የደረጃ ድርሻን ጨምሮ እንደሆነ ወይም በረንዳው ተዘግቶ እንደ ክፍል ተቆጥሮ እንደሆነ ይጠይቁ። የዋጋ ንግግሩ በካሬ ከሆነ ይህ በቀጥታ ገንዘብ ነው።

ስንጥቅን በአይነቱ ይለዩት። በልስን ላይ ያለ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የልስኑ ድርቀት ያመጣው ነው፣ አያስፈራም። ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) እና ብሎኬት በሚገናኙበት መስመር ላይ ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅም የተለመደ ነው፤ ሁለቱ ነገሮች በሙቀትና በቅዝቃዜ እኩል አይንቀሳቀሱምና። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ የእርሳስ ጫፍ የሚገባበት ስንጥቅ ግን መሠረቱ እየሰመጠ ወይም እየተነሣ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ወደ ታችኛውና ወደ ላይኛው ቤት ሄደው ስንጥቁ በዚያው ቦታ ላይ ይቀጥል እንደሆነ ይመልከቱ። በሦስት ፎቅ ላይ አንድ መስመር ከሠራ ችግሩ የሕንፃው ነው፣ በልስን አይድንም። በሰሜን ሸዋ ደጋ ሜዳማ ቦታዎች መረሬ አፈር ብዙ ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ መሠረቱ በደንብ ካልወረደ ምድር ቤቱ መጀመሪያ ይጎዳል፤ ስለዚህ እርስዎ ሦስተኛ ፎቅ ቢገዙም የምድር ቤቱን ወለል ይዩ። በኮለን ወይም በቢም (በአግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) ላይ ያለ ስንጥቅ፣ በተለይ ዝገት የሚያለቅስ ቡናማ መስመር ካለው፣ መሐንዲስ ሳያይ ገንዘብ አይክፈሉ።

እርጥበትን በአፍንጫም ይፈልጉት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። የምግብ እንፋሎትና የሰው ትንፋሽ በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ውኃ ሆኖ ሻጋታ ያወጣል። የቁም ሣጥን ካለ ጀርባውን ያስነሡ። አንድ ግድግዳ ብቻ ትኩስ ቀለም ተቀብቶ ካዩ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሸፈነው ነገር አለ። የመታጠቢያ ቤቱን ወለል በሁለት ባልዲ ውኃ ያጥቡና ውኃው ወደ ማስወገጃው ይሄድ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ወደ በሩ የሚሮጥ ከሆነ ተዳፋቱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከታች ያለውን ጎረቤት ጣሪያው ርሶ እንደሆነ ይጠይቁት። በሦስተኛ ፎቅ ከላይዎ አንድ ቤት አለ፤ እርስዎም የእርሱን መታጠቢያ ሥር ጣሪያዎን ይመልከቱ። የመጨረሻውን ወለል የሚገዙ ሰዎች ደግሞ አሸንዳውንና የውኃ መውረጃውን ያጣሩ። በሐምሌና በነሐሴ የሚፈስ ጣሪያ በኅዳር ደረቅ ሆኖ ይታያል፤ የውኃው ምልክት ግን ቢጫ ክብ ሆኖ ጣሪያው ላይ ይቀራል።

ፀሐዩን አይርሱ። በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት ወቅት ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ስለዚህ መኝታ ወይም ሳሎኑ ወደ ደቡብ የሚያይ ቤት በብርዱ ወራት ይሞቃል፤ ወደ ሰሜን ብቻ የሚያየው በዚያ ጊዜ ቀጥታ ፀሐይ አያገኝም። ዋጋቸው አንድ ከሆነ ወደ ደቡብ የሚያየውን ይምረጡ።

ውኃ በሳምንት በስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጎረቤት ይንገርዎት፤ ሻጩ «ሁልጊዜ አለ» ማለቱ አይቀርም። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ በቀን በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ቢጠቀም 200 ሊትር ያስፈልገዋል፤ 1,000 ሊትር ሮቶ አምስት ቀን ያቆየዋል። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን። 1,000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል። በበረንዳ ላይ ሮቶ ያስቀመጡ ብዙ ቤቶች አሉ፤ በረንዳ ከሕንፃው ወጥቶ የተንጠለጠለ ስለሆነ ይህን ክብደት በአንድ ቦታ እንዲሸከም አልተሠራም። የሚገዙት ቤት በረንዳው ላይ ሮቶ ካለው ከሥሩ የተሰነጠቀ ነገር ካለ ይመልከቱ፣ ሲረከቡም ያስነሡት።

ለኤሌክትሪኩ ቆጣሪውን ይዩ፤ በማን ስም እንደሆነና ዕዳ እንዳለበት ይጠይቁ። የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። 3,500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። በ2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር ላይ ከሶኬት ተሰክቶ የሚጋገር ከሆነ ብሬከሩ በየጋገራው ይወድቃል፣ ሶኬቱም ይጠቁራል። ለምጣድ የራሱ መስመር በ4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦና በ20 ወይም በ25 አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል። ቦይለርም ካለ ተጨማሪ ነው። የሕንፃው የቤት ባለቤቶች ማኅበር የጋራ መጋገሪያ ቤት ካለው ይጠይቁ፤ ካለ ምጣዱን እዚያ ማድረግ የቤትዎን መስመር ያሳርፋል፣ በግቢው የሚደረግ የዕርድና የድግስ ሥራም እዚያው ይሆናል።

ምድር ቤት ለመግዛት ላሰቡ አንድ ቃል እንጨምር። የላይኞቹ ፎቆች ፍሳሽ ሁሉ በእርስዎ ቤት አጠገብ ያልፋል። መስመሩ ሲዘጋ የሚገነፍለው መጀመሪያ በእርስዎ መጸዳጃ ነው። ማንሆሉ ከበርዎ ምን ያህል ይርቃል፣ ሴፕቲክ ታንኩ መቼ ተመጠጠ፣ መምጠጫ መኪናው ይደርስበታል ወይ?

«ሸዋ ሮቢት ውስጥ እየተሠራ ያለ አፓርታማ አለ። የትኛው ፎቅ ይሻላል? መሬት መንቀጥቀጥስ?» (ከሸዋ ሮቢት)

ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነች ምክሩ ከደብረ ብርሃኑ ተቃራኒ ነው። የምዕራብ መስኮት ከሰዓት በኋላ ፀሐዩን ሙሉ ያስገባል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው የመጨረሻ ወለል ኮርኒሱ ሙቀት መከላከያ ከሌለው ማታም አይቀዘቅዝም። ሁለት አቅጣጫ መስኮት ያለው፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቤት ይፈልጉ።

የመሬት መንቀጥቀጡ ጥያቄ ቀላል አይደለም። አካባቢው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ ተራራ ዙሪያ የተነሣው ደግሞ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ስለዚህ ሕንፃውን በዚህ ዓይን ይመልከቱት። በጣም የሚያሳስበው ምድር ቤቱ ለሱቅ ወይም ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ግድግዳ ሳይኖረው በኮለን ብቻ ቆሞ፣ ከላይ ያሉት ፎቆች ግን በግድግዳ የተሞሉበት ነው፤ ሲናወጥ ጉዳቱ በዚያ ባዶ ወለል ላይ ይሰበሰባል። ሁለተኛው ደግሞ ከፈቃድ በላይ የተጨመረ ፎቅ ነው። በግንባታ ፈቃዱ ላይ ያለውን የፎቅ ብዛት አይተው ሕንፃውን ከውጭ ቆጥረው ያረጋግጡ።

«ገና በመሬት ቁፋሮ ላይ ያለ ቤት በየደረጃው ክፈል ተብያለሁ። ርካሽ ነው።» (ከደብረ ሲና)

የዋጋው ልዩነት አደጋውን የሚያካክስ እንደሆነ የሚወሰነው በውሉ ነው። ቤቱን ገንብቶ ከሚሸጠው አልሚ የመሬቱን የሊዝ ውልና የሊዝ ክፍያው የተከፈለበትን ማስረጃ፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ የአልሚነት ፈቃዱን ይጠይቁ። መሬቱ ለባንክ ዋስትና ከተያዘ ለብቻዎ ካርታ የሚያገኙት ባንኩ ሲለቀው ነውና ይህ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ክፍያው ከሥራው ጋር ይሂድ፤ መሠረት ሲያልቅ፣ የእርስዎ ወለል ሶሌታ (የወለሉ ኮንክሪት) ሲሞላ፣ ልስን ሲያልቅ፣ ቁልፍ ሲረከቡ እየተባለ። በየወሩ በቀን የሚከፈል ከሆነ ሥራው ቆሞም እርስዎ ይከፍላሉ። «እንደ ገበያው ሁኔታ የዋጋ ማስተካከያ ይደረጋል» የምትለውን ሐረግ ካዩ ጣሪያ ያስቀምጡላት፤ አለበለዚያ የተስማሙት ዋጋ ዋጋ አይደለም። ማስረከቢያ ቀኑ፣ ቢዘገይ በየወሩ የሚከፈለው ቅጣት፣ ካሬው የተጣራ (የጋራ ድርሻን ያልጨመረ) መሆኑ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መካተቱ ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። የሴራሚኩ ደረጃ፣ የበሩ እንጨት፣ የሊፍቱና የጄኔሬተሩ አቅም በዝርዝር ካልተያያዘ «ደረጃውን የጠበቀ» የሚል ቃል ብቻ ይዘው ይቀራሉ።

«ማኅበሩ ስንት ይጠይቀኛል? በረንዳውን ዘግቼ ክፍል ማድረግ እችላለሁ?» (ከደብረ ብርሃን)

ኮንዶሚኒየም ሲገዙ ክፍልዎን ብቻ ሳይሆን በደረጃው፣ በጣሪያው፣ በመሠረቱ፣ በፓምፑና በግቢው ላይ ያለ ድርሻ ጭምር ነው የሚገዙት። ይህ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ የጋራ መጠቀሚያውን ያስተዳድራል፣ ባለቤቶችም ወጪውን በድርሻቸው ይከፍላሉ። የጋራ ድርሻው ከቤቱ ተነጥሎ አይሸጥም።

ከመግዛትዎ በፊት የማኅበሩን ሰብሳቢ ወይም ገንዘብ ያዥ ያግኙ። ወርኃዊ መዋጮው ስንት ነው? ከሻጩ ያልተከፈለ አለ? በማኅበሩ ሒሳብ ስንት ብር አለ? ጣሪያ፣ ፓምፕ ወይም ቀለም ለማደስ የተወሰነ ግን ያልተሰበሰበ መዋጮ አለ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ አይታለፍ። ቁልፍ በተረከቡ በማግሥቱ ለጣሪያ ጥገና ከየቤቱ ብዙ ሺህ ብር ሲጠየቅ ሻጩ ሄዷል። ሻጩ ዕዳ እንደሌለበት ማኅበሩ በማኅተም ይስጥዎት። መተዳደሪያ ደንቡንም ቅጂ ይውሰዱ።

በረንዳ መዝጋት የሕንፃውን የውጭ ገጽታና የሚሸከመውን ክብደት ስለሚነካ የማኅበሩንና የከተማውን ፈቃድ ይጠይቃል። ኮለን፣ ቢምና የኮንክሪት ግድግዳ ፈጽሞ አይነካም። ሻጩ ቀድሞ ያለፈቃድ የዘጋው ወይም ያፈረሰው ነገር ካለ አፍርስ የሚለው ትእዛዝ የሚደርሰው ለእርስዎ ነው። የመጀመሪያውን ፕላን ካለው አሁን ካለው ጋር ያነጻጽሩ። በክፍሎቹ መካከል ያለው ቀጭን መከፋፈያ አግሮስቶን (ቀላል የፋብሪካ ሰሌዳ) ከሆነ ደግሞ ከባድ ቁም ሣጥን ወይም ቦይለር አይሸከምም፤ ቦይለሩን በብሎኬት ግድግዳ ላይ ያድርጉት።

«በዕጣ የደረሰው ሰው አምስት ዓመት ስላልሞላው በውክልና ሽጬልሃለሁ፣ ጊዜው ሲደርስ ስም አዞርልሃለሁ ይላል። እህቴም ከውጭ ወክላኝ ልገዛ ነው፣ ውክልናው እንዴት ይሁን?» (ከዓለም ከተማ)

የመጀመሪያውን አይግዙ። በዕጣ የደረሰ ቤት እንዳይሸጥ የተጣለው የአምስት ዓመት ገደብ ሳይሞላ የሚደረግ ሽያጭ የተከለከለ ነው፤ ሽያጩን ለመሸፈን የሚጻፈው የብድር፣ የስጦታ ወይም የኪራይ ውል ሁሉ የተዋዋዮቹን እውነተኛ ስምምነት አይናገርም። ውክልና ደግሞ ወካዩ ወይም ተወካዩ ሲሞት ይቋረጣል፤ ወካዩ በፈለገ ጊዜም ይሽረዋል። ገንዘብ ከፍለው ሦስት ዓመት ከኖሩ በኋላ ሻጩ ቢሞት፣ በሩን የሚያንኳኩት ወራሾቹ ናቸው።

የእህትዎ ነገር ቀላል ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመግዛት ወይም ለመሸጥ በግልጽ የተጻፈ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ንብረቴን ያስተዳድር» የሚል አጠቃላይ ውክልና አይበቃም። ባሉበት አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያረጋግጠዋል፣ አዲስ አበባ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ቤቱ በእህትዎ ስም እንዲሆን ከፈለጉ «በስሜ እንዲገዛ፣ እንዲከፍል፣ ውል እንዲፈርም፣ ስም እንዲያዛውር» የሚሉት ቃላት አንድ በአንድ ይኑሩበት። አንዱ ከጎደለ ወረቀቱ ተመልሶ ውጭ ይሄዳል። ከሻጩ ወገን ወኪል ቢመጣ ደግሞ ወካዩን በቪዲዮ ስልክ ያነጋግሩ፣ ውክልናውም እንዳልተሻረ ካረጋገጠው አካል ይጠይቁ።

«ተፈራርመን ጨርሰናል። ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ?» (ከደብረ ብርሃን)

ዋናው ነገር ገና ነው። ውሉ ብቻ የቤቱ ባለቤት አያደርግዎትም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲሰፍር ነው። ያልተመዘገበ ሽያጭ ደግሞ ለሦስተኛ ወገኖች መቃወሚያ አይሆንም። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ስም ዝውውሩን ይጀምሩ። የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው፤ በ3,000,000 ብር ቤት 60,000 ብር ይሆናል። ሌሎች የአገልግሎት ክፍያዎች ከከተማ ከተማ ይለያያሉ፤ ከመፈራረምዎ በፊት ተመኑን ጠይቀው ቢይዙ ጥሩ ነበር፣ ካልሆነም አሁን ይጠይቁ። ሻጩ ከሽያጩ ባገኘው ትርፍ ላይ የሚጣለው ታክስ የእሱ ነው። ውሉ ላይ «ሁሉንም ወጪ ገዢው ይችላል» ተብሎ ከተጻፈ ግን የማን እንደሆነ ለማከራከር ይከብድዎታል።

የደላላው ክፍያም አስቀድሞ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል ይታወቅ። ገዢና ሻጭን ሳያገናኝ በመካከል የሚነግድ ደላላ ካለ ሁለታችሁም ዋጋውን ፊት ለፊት ተናገሩ።

ቁልፉን ሲረከቡ የርክክብ ወረቀት ይጻፉ። የኤሌክትሪክና የውኃ ቆጣሪዎቹን ንባብ፣ ቀኑን፣ ያሉትን ዕቃዎች (ቦይለር፣ የመብራት አምፖሎች፣ የሳንኩ ቧንቧ) አንድ በአንድ ያስፍሩና ሁለታችሁ ፈርሙበት። የቆጣሪው ፎቶም ቀን ይዞ በስልክዎ ይቀመጥ። ያለፈው ወር ሒሳብ ሲመጣ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ያ ንባብ ነው። ከዚያ የበሩን ቁልፍ ይለውጡ፤ ተከራይም፣ ደላላም፣ ቀለም ቀቢም ቅጂ ሊኖረው ይችላል።